ከክንድ እስከ ፍሪዘር፦ ለካንሰር ፔፕታይድ ጥናት ናሙና አወሳሰድና አያያዝ፣ ጅማ ላይ ለሚሠሩ ባለሙያዎች

ፔፕታይድ አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። በተለምዶ እስከ 50 አሚኖ አሲድ ያለውን ፔፕታይድ፣ ከዚያ የረዘመውን ፕሮቲን እንለዋለን። ዕጢ ሲያድግ የራሱን ፕሮቲኖች ወደ ደም ይለቃል፤ በዙሪያው ያለውን ሥጋ የሚቆራርጡ ፕሮቲዬዝ የሚባሉ ኢንዛይሞችንም ያመነጫል። ቁርጥራጩ በደም፣ በሽንት፣ በምራቅ፣ ሆድ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ይገኛል። ከዚህ ቁርጥራጭ የካንሰርን ምልክት ማንበብ ይቻላል የሚለው ተስፋ የመጣው ከዚህ ነው።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ጋን ውስጥ የገባ ጠላ መፍላቱን እንደሚቀጥል ሁሉ፣ ደምም ከክንድ ወጥቶ ቲዩብ ከገባ በኋላ ሥራውን አያቆምም። ኢንዛይሞቹ መቁረጣቸውን፣ ፕሌትሌቶቹም (ደም እንዲረጋ የሚረዱት ጥቃቅን የደም ክፍሎች) የያዙትን መልቀቃቸውን ይቀጥላሉ። ሁለት ሰዓት መስኮት ሥር የቆየ ቲዩብና ወዲያው የተሠራበት ቲዩብ የአንድ ሰው ደም ሆነው ሳለ የሁለት ሰው ሊመስሉ ይችላሉ።

ይህን የምጽፈው ጅማ ላይ ናሙና ለሚወስዱ ነርሶች፣ ለላብራቶሪ ቴክኖሎጂስቶችና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነው። ብዙ ጊዜ የምሰማው «ማስ ስፔክትሮሜትር (ፔፕታይዶችን በክብደታቸው የሚለየው ማሽን) ቢኖረን ኖሮ» የሚል ቁጭት ነው። ቁጭቱ ይገባኛል። ነገር ግን ማሽኑ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ሊሆን ይችላል፤ የናሙናው የመጀመሪያ አንድ ሰዓት ግን ከእኛ እጅ አይወጣም። ጥናቱን የሚያጸናውም የሚያበላሸውም ያ ሰዓት ነው።

ጥያቄውን ማጥበብ

«ካንሰርን የሚለይ ፔፕታይድ መፈለግ» የጥናት ጥያቄ አይሆንም። ማንን ከማን ነው የምትለዩት? አንድ እውነተኛ ምሳሌ ልስጥ። ሆዷ ያበጠ፣ የከሳች፣ ማታ ማታ የሚያተኩሳት ሴት ከአጋሮ ወይም ከበደሌ ትመጣለች። አልትራሳውንድ የሆድ ውኃ ያሳያል። የእንቁላል ዕጢ ካንሰር ነው ወይስ የሆድ ዕቃ ቲቢ? ሲኤ 125 የተባለው የታወቀ ጠቋሚ በሁለቱም በጣም ከፍ ይላል፤ በወር አበባ ጊዜ፣ በእርግዝናና በኢንዶሜትሪዮሲስም ይጨምራል። ከተጠራቀመው ውኃ እነዚህን ሁለት ሕመሞች የሚለይ ፔፕታይድ መፈለግ ለእኛ አካባቢ የሚጠቅም፣ የጠበበና ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው።

ጥያቄው እንዲህ ሲጠብብ ማነጻጸሪያው ቡድን ራሱን ያሳያል። የ60 ዓመት ታማሚን ደም ከ22 ዓመት ጤነኛ ተማሪ ደም ጋር ብታነጻጽሩ ልዩነት ማግኘታችሁ አይቀርም። የምታገኙት ግን የዕድሜ፣ የምግብ፣ የመድኃኒት ወይም የቲዩብ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ያንኑ ምልክት ይዞ፣ በዚያው በር ገብቶ፣ በመጨረሻ ካንሰር የለብህም የተባለው ሰው ነው። ስለዚህ ናሙናውን የባዮፕሲ ውጤት ከመታወቁ በፊት ከሁሉም ውሰዱ፤ ማን ታማሚ ማን ማነጻጸሪያ እንደሆነ ፓቶሎጂ በኋላ ይለይላችኋል። ማርጋሬት ፔፕና ባልደረቦቿ በ2008 ያሳተሙት የጥናት ንድፍ የሚለው ይህንኑ ነው፤ በሙሉ ልብ እስማማበታለሁ።

ይህን ያልጠበቀ ሥራ የት እንደሚያደርስ ዘርፉ በዋጋ ተምሯል። በ2002 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት በሴረም (ከረጋ ደም በሚገኘው ፈሳሽ) ውስጥ ባሉ የፕሮቲንና የፔፕታይድ ቅርጾች የእንቁላል ዕጢ ካንሰርን መለየት ተችሏል አለ። 50ውንም ካንሰሮች፣ ካንሰር ከሌለባቸው 66 ሴቶች ደግሞ 63ቱን በትክክል ለየ ተባለ። ዓለም ተደነቀ። በኋላ ቤገርሊ፣ ሞሪስና ኩምብስ የተባሉ ባለሙያዎች ለሕዝብ የተለቀቀውን ዳታ መልሰው ሲመረምሩ ቅርጾቹ ከአንዱ ሙከራ ወደ ሌላው እንደማይደገሙ፣ ልዩነቱም ከሕመሙ ይልቅ ከናሙና አሠራርና ከማሽን አስተካከል ሊመጣ እንደሚችል በ2004 አሳዩ።

አንድ ስሌት ደግሞ በወረቀት ሠርታችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉ። ከ10,000 ሰዎች 10ሩ ካንሰር አለባቸው እንበል። ምርመራው ካለባቸው 90 በመቶውን ያገኛል፤ ከሌለባቸውም 95 በመቶውን በትክክል ነጻ ይላል። 9 ታማሚዎችን አገኘ ማለት ነው። ከቀሩት 9,990 ጤነኞች ግን 500 ያህሉን «አለባችሁ» ይላቸዋል። ከ509 ሰዎች 9ኙን ለማግኘት 500 ቤተሰብ ይሸበራል። ያው ምርመራ ሆዳቸው አብጦ ለመጡ ሴቶች ቢሠራ፣ ከመቶ 40ው ካንሰር ካለባቸው፣ በጣም ጠቃሚ ይሆናል። ለዚህ ነው ጤነኛ ሕዝብን ለማጣራት ከመመኘት ይልቅ ምልክት ይዘው የመጡትን ለመለየት ሥሩ የምላችሁ።

ፈቃድ

ጥናቱ የኤቲክስ ኮሚቴ ፈቃድ ይፈልጋል። ለሕክምና ተቀድቶ የተረፈ ደም ብትጠቀሙም ያው ነው። የስምምነት ቅጹን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አዘጋጁ፤ ከቦንጋ ወይም ከሚዛን ለሚመጡትም ቋንቋቸውን የሚችል ሰው አስቀድማችሁ አመቻቹ። ናሙናው ከአገር የሚወጣ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ይህ ወራት ሊወስድ ስለሚችል የመጀመሪያው ታካሚ ከመመዝገቡ በፊት ጀምሩት።

የትኛው ቲዩብ?

እዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ፦ ለፔፕታይድ ሥራ ሴረም አትምረጡ። ሴረም የሚገኘው ደሙ ረግቶ ነው፤ መርጋት ራሱ ደግሞ የፕሮቲዬዞች ሥራ ነው። ትሮምቢን ፋይብሪኖጅንን ሲቆርጥ ፋይብሪኖፔፕታይድ የሚባሉ ቁርጥራጮች ይለቀቃሉ፤ እነሱንም ሌሎች ኢንዛይሞች ከጫፍ ጫፍ ይከረክሟቸዋል። ያ ሁሉ የተፈጠረው ቲዩቡ ውስጥ ነው።

ለሳንባ ስሞል ሴል ካንሰር የሚጠቅመው ፕሮጂአርፒ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሴረም ውስጥ ትሮምቢን ስለሚቆርጠው ቁጥሩ ከሰዓት ወደ ሰዓት ይወርዳል፤ በኢዲቲኤ ፕላዝማ (ኢዲቲኤ በተባለ መርጋትን በሚከለክል ንጥረ ነገር ሳይረጋ በቆየ ደም ፈሳሽ) ውስጥ ግን እጅግ የተሻለ ይቆያል። አንድ ታካሚ ከአንድ ክንድ፣ በአንድ ደቂቃ በተቀዳ ደም ሁለት የተለያየ ውጤት ሊያገኝ ይችላል።

የዓለም አቀፉ የፕሮቲዮም ድርጅት የናሙና ኮሚቴም በ2005 ለፕላዝማ ያደላ ምክር ሰጥቷል። ስለዚህ ወይን ጠጅ ክዳን ያለውን የኢዲቲኤ ቲዩብ ተጠቀሙ። ለጥናቱ የሚበቃውን ያህል ከአንድ አምራች፣ ቢቻል ከአንድ ሎት (አንድ ላይ ከተመረተ) ግዙ። መሀል ላይ አልቆ ከሌላ ክፍል መበደር ካለባችሁ የሎት ቁጥሩን መዝግቡ። ከሁሉም የከፋው ታማሚዎቹ በአንድ ዓይነት፣ ማነጻጸሪያዎቹ በሌላ ዓይነት ቲዩብ ሲቀዱ ነው፤ ያንን ስታቲስቲክስ አያድነውም።

ደም መቅዳት

ናሙናው ከቀዶ ሕክምና፣ ከሰመመን፣ ከኬሞቴራፒና ቢቻል ከባዮፕሲም በፊት ይወሰድ። የፕሮስቴት ጥናት ከሆነ ካቴተር መግባትና የፕሮስቴት ባዮፕሲ የፕሮስቴት ካንሰር ጠቋሚ የሆነውን ፒኤስኤን ከፍ እንደሚያደርጉ አትርሱ።

ለታካሚው ከምትጠይቁት ውስጥ ሦስቱን ላንሣ። የመጀመሪያው ምግብና ቡና ነው። ጅማ ላይ «እናቴ፣ ዛሬ ጠዋት ቡና ቀምሰዋል?» ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አዎ ነው። ሌሊቱን ተጉዛ የመጣችን የታመመች ሴት ደግሞ ተጨማሪ ሰዓት ማስራብ አይገባም። ምን እንደበላች፣ መቼ እንደበላች ጻፉና ቅዱ። ሁለተኛው መድኃኒት ነው። ኦሜፕራዞል የማይውጥ ጨጓራ ታማሚ ጥቂት ነው፤ ኦሜፕራዞል ደግሞ የኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ ጠቋሚ የሆነውን ክሮሞግራኒን ኤ ያለ ምንም ዕጢ ከፍ ያደርጋል። የኩላሊት ድካምም እንዲሁ። ሦስተኛው የጉበት ነገር ነው። ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲሮሲስ ያለበት ሰው የጉበት ካንሰር ጠቋሚ የሆነው ኤኤፍፒው ያለ ካንሰር ሊጨምር ይችላል፤ በእርግዝናም ይጨምራል።

21 ቁጥር መርፌ ተጠቀሙ። ቱርኒኬቱ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይ። በሲሪንጅ ቀድቶ በኃይል ወደ ቲዩብ መግፋት ቀይ ሕዋሳትን ያፈነዳል። ቲዩቡ እስከ ምልክቱ ይሙላ፤ ካልሞላ የኢዲቲኤው መጠን ለደሙ ይበዛል። ከዚያ ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ገልብጡት። አትናጡት።

በረዶ ውስጥ ልክተተው የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል፤ ትክክልም ይመስላል። ግን ቅዝቃዜ ፕሌትሌትን ያነቃቃል፤ የነቃ ፕሌትሌት ደግሞ ፕላዝማውን በራሱ ፔፕታይዶች ይሞላዋል። ስለዚህ ፕሌትሌቱ እስኪወገድ ድረስ በክፍል ሙቀት ይቆይ። እንደ ካልሲቶኒን ያለ የተለየ ምርመራ የምትሠሩ ከሆነና የኪቱ መመሪያ በረዶ ካዘዘ ግን መመሪያውን ተከተሉ። ካልሲቶኒን የሜዱላሪ ታይሮይድ ካንሰር ጠቋሚ ነው፤ 32 አሚኖ አሲድ ያለው እውነተኛ ፔፕታይድ በመሆኑ በቀላሉ ይበላሻል።

የሰዓቱ ጉዳይ

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እኛ አገር ያለ ወጥመድ ስለሆነ ለብቻው አስቀመጥሁት። ነርሷ ደም የቀዳችበትን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር 2:40 ብላ ትጽፋለች። ሴንትሪፉጅ ላይ ያለው ልጅ ስልኩን አይቶ 9:10 ይጽፋል። ወረቀቱ ሲነበብ ቲዩቡ ስድስት ሰዓት ተኩል የቆየ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሠላሳ ደቂቃ ነው። ቀኑም እንዲሁ ነው፦ የእኛና የፈረንጅ ዘመን አቆጣጠር በአንድ መዝገብ ሲደባለቁ በኋላ ማንም ሊያቃናው አይችልም።

አንድ አቆጣጠር ምረጡ። እኔ የምመክረው በ24 ሰዓት የሚቆጥር ዲጂታል ሰዓት መቅጃው ክፍልና ሴንትሪፉጁ አጠገብ ሰቅሎ ከዚያ ብቻ መገልበጥ ነው። በቅጹ ላይ አራት ሰዓቶች ይኑሩ፦ የተቀዳበት፣ የመጀመሪያው ዙር የጀመረበት፣ ሁለተኛው ዙር ያለቀበት፣ ፍሪዘር የገባበት። አራቱ ከሌሉ ናሙናው ምን እንደሆነ አታውቁም።

ሴንትሪፉጅ

ፕሮቶኮል ውስጥ «በደቂቃ 3,000 ዙር» ተብሎ ሲጻፍ ያሳስበኛል፤ የአንዱ ማሽን 3,000 ከሌላው ማሽን 3,000 ጋር እኩል አይደለምና። የሚቆጠረው ጂ የሚባለው ኃይል ነው። ስሌቱ ይህ ነው፦ 0.00001118 ሲባዛ በሮተሩ ሬዲየስ በሴንቲ ሜትር፣ ሲባዛ የዙሩ ብዛት በራሱ ተባዝቶ። ሬዲየሱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማሽን በ3,000 ዙር 1,509 ጂ ይሰጣል። 2,000 ጂ ለማግኘት 3,450 ዙር ያህል ያስፈልገዋል። ሬዲየሱን ከሮተሩ መሀል እስከ ቲዩቡ ታች በማስመሪያ ለክታችሁ ማሽኑ ላይ ለጥፉት።

ደሙ በተቀዳ በ30 ደቂቃ፣ ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ውስጥ በ2,000 ጂ ለ15 ደቂቃ አዙሩ። ፍሬኑን አላልታችሁ ይቁም። ቲዩቡን ስታወጡ ወደ ብርሃን ያዙትና አስተውሉ። ከላይ ገለባ ቀለም ያለው ፕላዝማ፣ ከሥሩ የወረቀት ውፍረት ያላት ነጭ መስመር፣ ከሥሯ ቀይ ሕዋሳት። ነጯ መስመር ነጭ ደም ሕዋሳትና ፕሌትሌቶች ያሉባት ናት። የፓይፔቱን ጫፍ ከፕላዝማው ገጽ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ገጹ ሲወርድ አብራችሁ እየወረዳችሁ ሳቡ፤ ከነጯ መስመር በላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀር አቁሙ። የቀረችው ፕላዝማ ታጓጓለች፤ ተዉአት። እሷን ለመውሰድ ሲባል መስመሯ አንዴ ከተነካች ያ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ነው።

ፕላዝማው ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ሄሞላይሲስ (የቀይ ሕዋሳት መፈንዳት) አለ ማለት ነው። የቀለም መለኪያ ካርድ አዘጋጅታችሁ ደረጃውን መዝግቡ፤ በግልጽ የቀላውን ከጥናቱ አውጡት፤ ከሄሞግሎቢን የሚመጡ ፔፕታይዶች ሌላውን ይሸፍኑታልና።

የሳባችሁትን ወደ ንጹሕ ቲዩብ ገልብጣችሁ ለሁለተኛ ጊዜ በ2,500 ጂ ለ15 ደቂቃ አዙሩት፤ ከታች ትንሽ አስቀርታችሁ ላዩን ውሰዱ። በሁለተኛው ዙር ፕሌትሌት መወገዱን ለማረጋገጥ በሥራው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ፕላዝማዎችን በሄማቶሎጂ ማሽን ቁጠሩ፤ ግባችሁ በማይክሮ ሊትር ከ10,000 በታች ነው። ዙር መሀል መብራት ከጠፋ ጀነሬተሩ ሲነሣ እንደገና አዙሩ፤ ግን ሰዓቱንና የሆነውን ጻፉ። የተጻፈ ጉድለት በትንተና ይያዛል።

ሽንትና የሆድ ውኃ

ሽንት ከደም ይቀላል። ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ስለቆየ ሊቆረጥ የሚችለው በአብዛኛው ተቆርጦ አልቋል፤ ስለዚህ ፔፕታይዶቹ ከደሙ ይልቅ የተረጋጉ ናቸው። ከመጀመሪያው የጠዋት ሽንት ቀጥሎ ያለውን፣ መሀሉን ተቀበሉ። በ1,000 ጂ ለ10 ደቂቃ አዙራችሁ ላዩን አቀዝቅዙ። ሽንት በጠጡት ውኃ ልክ ስለሚቀጥን ክሬያቲኒን መለካት ግድ ነው። የሽንት መሥመር ኢንፌክሽን ካለም ናሙናው ላይ ይንጸባረቃልና በዲፕስቲክ እዩት።

የሆድ ውኃ ለሕክምና ሲቀዳ ብቻ ይወሰድ፤ ለጥናት ተብሎ ማንም ሆዱን አይወጋም። ወዲያው አዙራችሁ ሕዋሳቱን ለሳይቶሎጂ፣ ላዩን ለጥናቱ ለዩት።

ማቀዝቀዝና መላክ

ፕላዝማውን በ200 ማይክሮ ሊትር በ200 ማይክሮ ሊትር ከፋፍሉ። አንድ ትልቅ ቲዩብ ማስቀመጥ ማለት በየጊዜው ማቅለጥ ማለት ነው፤ አንዴ የቀለጠ ናሙና ለፔፕታይድ ተመልሶ አይቀዘቅዝም። ፔፕታይድ ከቲዩብ ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ ፕሮቲን የማይዝ የተባለውን ትንሽ ቲዩብ ግዙ። መለያው ስም ሳይሆን ኮድ ይሁን፤ ጽሑፉም ቅዝቃዜ በሚችል ለጣፊ ላይ።

ቦታው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ነው። ከዜሮ በታች 20 ለጥቂት ቀን እንጂ ለወራት አይሆንም። በክረምት መብራት ሲቆራረጥ የፍሪዘሩን በር አለመክፈት የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ሙቀቱን በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚጽፍ ሰው በስም ይመደብ። የእያንዳንዱን ታካሚ ናሙና ደግሞ በሁለት ፍሪዘር ክፈሉ፤ አንዱ ሌሊት ቢቆም ጥናቱ አብሮ አይሞትም።

ወደ አዲስ አበባ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በድራይ አይስ ይታለፋል። ድራይ አይስ ከዜሮ በታች 78.5 ዲግሪ ነው፤ እየተነነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሆን ዕቃው አየር ማስወጫ ይኑረው፣ መኪናውም መስኮቱ ይከፈት። ድራይ አይስ ካልተገኘ ፈሳሽ ናይትሮጅን ሌላው አማራጭ ነው፤ የከብት ማዳቀል አገልግሎት የሚሰጡ ባለሙያዎች በየቀኑ ስለሚሠሩበት ጠይቋቸው።

በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ ትልቅ ሙከራ

ታማሚ ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን ሥሩ። ከጥቂት ፈቃደኛ ባልደረቦች እያንዳንዳቸው አምስት የኢዲቲኤ ቲዩብ ይቅዱ። አንዱን በ30 ደቂቃ፣ ሌሎቹን በ1፣ በ2፣ በ4 እና በ8 ሰዓት አዙሩ። በኋላ ሲለካ ከሰዓት ጋር አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ፔፕታይዶች ይታያሉ። እነሱን ከዕጩዎች ዝርዝር አስቀድማችሁ ሰርዙ። ይህ ሙከራ የጅማን ሙቀት፣ የእናንተን ቲዩብ፣ የእናንተን መተላለፊያ ርቀት የያዘ ስለሆነ ከየትኛውም የውጭ ፕሮቶኮል ይልቅ ለእናንተ ይናገራል።

ልኬቱ

አልቡሚን በሚሊ ሊትር ፕላዝማ 40 ሚሊ ግራም ያህል አለ፤ ፒኤስኤ በ4 ናኖ ግራም እንነጋገርበታለን። የ10 ሚሊዮን እጥፍ ልዩነት ነው። ስለዚህ ፔፕታይዶቹን ከትልልቆቹ ፕሮቲኖች መለየት ግድ ይላል፤ በተለምዶ በአሴቶናይትራይል በማዝቀጥ ወይም በ10 ኪሎ ዳልተን ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ሲ18 በተባለ ፔፕታይድን በሚይዝ ማጽጃ በማጽዳት ይሠራል። ዕጩው ከታወቀ በኋላ በኤላይዛ (በፀረ እንግዳ አካል በሚለካ ምርመራ) ወይም ምልክት ከተደረገበት ማነጻጸሪያ ፔፕታይድ ጋር በማስ ስፔክትሮሜትር መለካት ይከተላል። በኤላይዛ የተገኘው ቁጥርና የታካሚው ሁኔታ ካልተጣጣሙ ናሙናውን አቅጥናችሁ ድገሙት፤ መጠኑ እጅግ ሲበዛ ምርመራው ተሞልቶ ዝቅተኛ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። የእርግዝና ሆርሞን የሆነው ኤችሲጂ ላይ ይህ የታወቀ ነው።

በእያንዳንዱ ፕሌት ላይ ታማሚውና ማነጻጸሪያው በዕጣ ይደባለቁ፤ የሚለካው ሰው ኮዱን አይወቅ። ከብዙ ሰው ተቀላቅሎ የተከፋፈለ አንድ የመቆጣጠሪያ ናሙና በየዙሩ ይሂድ። 2,000 ፔፕታይድ በ0.05 ወሰን ብትፈትኑ ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ 100 ያህሉ በአጋጣሚ «ተገኘ» ይላሉ፤ ስለዚህ ማስተካከያ ስሌትና በሌላ ጊዜ ከተወሰዱ ታካሚዎች ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ማረጋገጫው ሳይሠራ ወረቀት ለማውጣት አትቸኩሉ።

ተሳታፊው ሲጠይቅ

«ታዲያ ካንሰር አለብኝ?» ተብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። የጥናት ቁጥር ለታካሚ አይነገርም፤ ምን ማለት እንደሆነ ገና አልታወቀምና። ከደም የሚወሰድ ምንም ፔፕታይድ ባዮፕሲን፣ የማኅፀን በር ምርመራን ወይም የጡት እብጠት መታየትን እንደማይተካ በግልጽ ንገሩ። በእንግሊዝ ከ202,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በ2021 የመጨረሻ ውጤቱን ሲያወጣ፣ በየዓመቱ ሲኤ 125 መለካት ካንሰሩን ቀደም ብሎ ቢያገኝም በእንቁላል ዕጢ ካንሰር የሚሞቱትን ቁጥር አልቀነሰም። «አንቺ ግን የመጣሽበት ሕመም መልስ የሚያገኘው ከፓቶሎጂ ነው» በሏትና የቀጠሮዋን ቀን፣ ውጤቷን የምትጠይቅበትን ክፍልና የሐኪሟን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ስጧት። ማንበብ ካልቻለች አብሯት ለመጣው ዘመዷም አስረዱት።